ሥራን በዝርዝር፣ በካርታ ወይስ በካሜራ መፈለግ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ሥራ ፈላጊዎች የተዘጋጀ ንጽጽር

ሥራን በኢንተርኔት መፈለግ ለብዙ ዓመታት አንድ መልክ ብቻ ነበረው። ሥራ ፈላጊው በመፈለጊያ ሳጥኑ ውስጥ ቃል ይጽፋል፤ ከላይ ወደ ታች የተደረደረ ዝርዝር ይመጣለታል፤ ያንን አንድ በአንድ እየከፈተ ያነባል። አሁን ግን ከዝርዝሩ ጎን ሌሎች መንገዶች መጥተዋል። አንዳንዶቹ ክፍት የሥራ ቦታዎችን በካርታ ላይ በነጥብ ያሳያሉ፤ አንዳንዶቹ በሰሌዳ ላይ የተለጠፈን ማስታወቂያ በስልክ ካሜራ አንብበው ወደ ጽሑፍ ይለውጣሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ሙያዎችን በክብና በመስመር አያይዘው ከየትኛው ወደ የትኛው መሻገር እንደሚቻል በሥዕል ያቀርባሉ። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ሆኖ ሥራ የሚፈልግ ሰው ጊዜውንና ለዳታ የሚያወጣውን ብር በየትኛው ላይ እንደሚያውል መወሰን ይኖርበታል፤ ይህ ንጽጽር የተዘጋጀው ለዚያ ውሳኔ ነው።

በምስል የመፈለግ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ካርቱ የተባለው የፈረንሳይ መፈለጊያ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውጤቶችን በመስመር በተያያዙ ነጥቦች ሲያሳይ ቆይቶ በ2010 ተዘጋ፤ ተመሳሳይ ሐሳብ የያዘው ግሮከርም በ2009 አበቃ። ሁለቱም ለዓይን የሚስቡ ነበሩ፤ ይሁን እንጂ አንዱ ነጥብ ከሌላው በስተቀኝ ወይም በስተግራ መቀመጡ ለተጠቃሚው የሚነግረው ቁም ነገር ስላልነበረ፣ በእኔ ግምት ተራውን ዝርዝር ሊበልጡት አልቻሉም። ስለዚህ እያንዳንዱን አማራጭ ስመዝን በቅድሚያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በሥዕሉ ላይ የሚታየው ቦታ፣ ርቀት ወይም መጠን ለወሎ ሥራ ፈላጊ እውነተኛ ነገር ይነግረዋልን?

መመዘኛዎቹ

ከሁሉም የሚከብደው መመዘኛ ሽፋን ነው። አንድ መፈለጊያ ምንም ያህል ቢያምር፣ በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በር ላይ፣ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ሰሌዳ ላይ፣ በከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ወይም በአካባቢው የቴሌግራም ቻናል የወጣውን ማስታወቂያ ካልያዘ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ሁለተኛው የአማርኛ ጽሑፍን በትክክል ማስተናገዱ ሲሆን፣ ሦስተኛው ወጪው ነው፤ ወጪ ስል ዳታውን ብቻ ሳይሆን ኔትወርክ በሌለበት ጊዜ መሥራት መቻሉንም እጨምራለሁ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን ያሳለፈ ሰው ይህን መመዘኛ እንደ ትርፍ ነገር አያየውም።

አራተኛው ቀነ ገደብን ማሳየት ነው። አብዛኞቹ ማስታወቂያዎቻችን የመጨረሻውን ቀን በቁጥር አይጽፉም፤ «ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 7 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ» ይላሉ። የወጣበት ቀን ከጠፋ ቀነ ገደቡም አብሮ ይጠፋል። የቀሩት ሁለቱ የማስታወቂያው እውነተኛነት የሚረጋገጥበት መንገድ መኖሩና የሥራ ፈላጊው የግል መረጃ መጠበቁ ናቸው።

የጽሑፍ ዝርዝር

ይህ የተለመደው መንገድ ነው፤ ሌሎቹም የሚለኩት በእሱ ነው። ትልቁ ብርታቱ ቀላልነቱ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚይዝ፣ 1,500 ፊደላት ያሉት ማስታወቂያ 4.5 ኪሎባይት ያህል ብቻ ይመዝናል። በቴሌግራም የተጨመቀ አንድ ፎቶ ከ100 እስከ 300 ኪሎባይት ገደማ እንደሚይዝ ስናስብ፣ የአንዱ ፎቶ ዳታ ከ20 የማያንሱ የጽሑፍ ማስታወቂያዎችን ያስነብባል ማለት ነው። ኔትወርክ በሚደክምበት ሰዓት ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ድክመቱ ደግሞ ከአጻጻፋችን ይመጣል። «ሒሳብ ሠራተኛ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ሂሳብ ሰራተኛ»፣ «ሒሳብ ሰራተኛ» ወይም «ሂሳብ ሠራተኛ» ተብሎ የተጻፈውን ላያገኝ ይችላል፤ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት አንድ አድርጎ የማይቆጥር መፈለጊያ እነዚህን አራት የተለያዩ ነገሮች አድርጎ ያያቸዋል። በዚህ ላይ «አካውንታንት» እና «የሒሳብ ባለሙያ» የሚሉት አሉ። ጸሐፊ፣ ጽዳትና የመሳሰሉትም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ በዝርዝር የሚፈልግ ሰው የሙያውን መጠሪያ በሁሉም አጻጻፍ፣ እንዲሁም በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ጊዜ ጽፎ በስልኩ ማስታወሻ ላይ ቢያስቀምጥና በየጊዜው ከዚያ እየቀዳ ቢፈልግ ብዙ ያተርፋል።

ካርታ

በካርታ ላይ ቦታ ትርጉም አለው፤ ስለዚህ ከሥዕላዊ መንገዶች ሁሉ ተስፋ የሚጣልበት ይመስላል። ለደሴና ለኮምቦልቻ ግን ካርታው ሊያሳስት የሚችልባቸው ሁኔታዎች አሉ።

ሁለቱ ከተሞች በቀጥታ መስመር ሲለኩ የሚራራቁት 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ መፈለጊያዎች «ከእኔ በ15 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ» ሲባሉ የሚያሰሉት ይህንን ቀጥታ መስመር ነው። መንገዱ ግን በሐረጎ እየተጠማዘዘ ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ የሚወርድ ስለሆነ ርቀቱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ካርታው «ቅርብ» ያለው ሥራ በየቀኑ ሐረጎን መውጣትና መውረድን የሚጠይቅ ነው፤ ምሽት ላይ የሚለቀቅ ፈረቃ ከሆነ ደግሞ ተመልሶ ደሴ የሚገባበት ታክሲ ማግኘት ራሱን የቻለ ጥያቄ ይሆናል። አሠሪው ሰርቪስ እንዳለው የሚገልጽ ምልክት በካርታው ላይ ቢኖር ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ እሱ ይጠቅም ነበር።

ሌላው ነጥቡ የሚተከልበት ቦታ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነ ድርጅት ለኮምቦልቻ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲፈልግ፣ ካርታው ነጥቡን አዲስ አበባ ላይ ሊተክለው ይችላል። ባንኮች ደግሞ «ደሴ ዲስትሪክት» ብለው ሲያወጡ፣ ነጥቡ ደሴ ከተማ ላይ ቢያርፍም ቅርንጫፉ ከከተማው ርቆ በሌላ ወረዳ ሊሆን ይችላል። የጎዳና ስምና የቤት ቁጥር እምብዛም በማንጠቀምበት አገር «ከፒያሳ ወደ ታች» የሚለውን አድራሻ ማሽን ወደ ነጥብ መለወጥ አይችልም።

እነዚህን ጉድለቶች የሚያውቅ ሰው ግን ካርታውን በሌላ መንገድ ሊጠቀምበት ይችላል፤ እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የካርታ መተግበሪያ፣ ለምሳሌ በኦፕን ስትሪት ማፕ መረጃ ላይ የተመሠረተውን ኦርጋኒክ ማፕስን፣ አንድ ጊዜ በዋይፋይ አውርዶ፣ በዝርዝር ወይም በሰሌዳ ያገኛቸውን ሥራዎች ትክክለኛ ቦታቸውን ጠይቆ ራሱ ምልክት ያድርግባቸው። ከዚያ በኋላ ስሌቱ ቀላል ነው፦ የአንድ ቀን የደርሶ መልስ ታሪፍ በ26 የሥራ ቀናት ተባዝቶ ከተጣራው ደመወዝ ይቀነስ። ኮምቦልቻ ላይ ከፍ ያለ የሚመስለው ደመወዝ ከዚህ ስሌት በኋላ ደሴ ካለው አነስተኛ ደመወዝ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ወይም ደግሞ ኮምቦልቻ ቤት ተከራይቶ መኖር የተሻለ ሆኖ ይገኛል።

ካሜራ

ከሁሉም የበለጠ ለውጥ ያመጣል ብዬ የማምነው ይህ መንገድ ነው። ምክንያቱ አንድ ነው፤ የእኛ ማስታወቂያዎች ከመጀመሪያው ምስል ናቸው። ማህተም ያረፈበት ወረቀት ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ አንድ ሰው ፎቶ ያነሳዋል፤ ፎቶው በቴሌግራም ከቻናል ወደ ቻናል ይዞራል። የቴሌግራም መፈለጊያ ደግሞ በፎቶ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ አያነብም። ስለዚህ በአንድ ቻናል ውስጥ «ኮምቦልቻ» ብሎ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ከፎቶው በታች ቃሉ በጽሑፍ የተጨመረበትን ብቻ ነው፤ የቀረው እያለ እንደሌለ ነው። ፎቶን አንብቦ ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ መሣሪያ ይህንን የተደበቀ ክፍል ወደ ዝርዝሩም ወደ ካርታውም ሊያስገባው ይችላል።

ቴክኖሎጂው በእጃችን ያለ ነው። በካሜራ የታየን ነገርና ጽሑፍ የሚለየው ጉግል ሌንስ ይፋ የሆነው በ2017 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ቴሰራክት የሚባለው ለማንም ክፍት የሆነ ጽሑፍ አንባቢ ደግሞ አማርኛን ከሚያነባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎ ይዟል። ይሁንና ለፊደላችን ሥራው ከባድ ነው። 33ቱ ፊደላት በ7 ድምፅ ሲባዙ 231 ቅርጾች ይሆናሉ፤ ብዙዎቹም የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ እግር ወይም ቀለበት ነው። በኮምፒውተር የተጻፈና በደንብ የተነሣ ወረቀት በአመዛኙ ይነበባል፤ በእጅ የተጻፈ፣ የታጠፈ ወይም ማህተም በጽሑፉ ላይ ያረፈበት ግን ይሳሳታል። ስለዚህ ማንኛውንም መሣሪያ ከማመን በፊት ይዘቱ በሚታወቅ የቆየ ማስታወቂያ መፈተን ተገቢ ነው። ከተነበበ በኋላም ስልክ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የተፈላጊ ችሎታውን መስመር ከፎቶው ጋር በዓይን ማመሳከር ያስፈልጋል፤ በእነዚህ ሦስቱ ላይ የምትፈጠር አንዲት ስሕተት ሙሉ ማስታወቂያውን ዋጋ ታሳጣዋለች።

አነሣሡም ወሳኝነት አለው። በመስታወት ውስጥ ያለ ሰሌዳ ብርሃን ስለሚመልስ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ፣ ያለ ፍላሽ ማንሳት ይሻላል። የደብዳቤ ቁጥሩ፣ ቀኑና ማህተሙ ከፎቶው ውጭ መቅረት የለባቸውም። ቀኑ ከሌለ ፎቶው የተነሣበትን ዕለትና ሰሌዳው ያለበትን ቦታ ወዲያውኑ መጻፍ ነው፤ ቻናል ላይ ለሌሎች የሚያጋራ ሰውማ ይህን ማድረግ ግዴታው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቀን የሌለው ፎቶ ጊዜው ካለፈ በኋላም እየዞረ ሰዎችን ለከንቱ ጉዞ ያስወጣልና።

ካሜራው ሌላም ብዙ የማይነገርለት ጥቅም አለው። ሙያቸውን በሥራ ላይ የተማሩ ብዙ ሰዎች ሥራውን እየቻሉት ማስታወቂያው የሚጠራበትን ስም አያውቁትም። የልብስ ስፌት ማሽን ላይ የሠራች ሴት የማሽኑን ፎቶ አንስታ ብትፈልግ በማስታወቂያ ላይ የሚጠቀሰውን የማሽን ዓይነት ልታገኝ ትችላለች፤ ያን ቃል ይዛ ወደ ጽሑፍ ዝርዝሩ ትመለሳለች። ብየዳ፣ የእንጨት ሥራና የቧንቧ ሥራ ላይም እንዲሁ ይሠራል። በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ዙሪያ ይህ መንገድ ለብዙዎች በር የሚከፍት ይመስለኛል።

የጥንቃቄው ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ በሰሌዳ ላይ ከሥራ ማስታወቂያ ጎን ለፈተና የተመረጡ ሰዎች ስም ዝርዝር ይለጠፋል፤ ያንን አብሮ አንስቶ ማሠራጨት የሌሎችን መረጃ መበተን ነው። አገሪቱ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች፤ ሥራ ፈላጊውም የራሱን መታወቂያና ዲግሪ ፎቶ ለማያውቀው መተግበሪያ ወይም ቦት መላክ የለበትም። ሁለተኛ፣ ማህተም በፎቶ ላይ መታየቱ ማረጋገጫ አይሆንም፤ የቆየ ማስታወቂያ ስልክ ቁጥሩ ተቀይሮ ሊሠራጭ ይችላል። ማረጋገጫው በድርጅቱ በታወቀ ስልክ መደወል ወይም ሰሌዳውን ሄዶ ማየት ነው። ለመቅጠር ወይም ለምዝገባ ብር የሚጠይቅ ካለ ጉዳዩን እዚያው ማቆም ይገባል፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የግል አገናኝ ኤጀንሲን የሚያውቀው ከሠራተኛው ክፍያ ሳይቀበል የሚሠራ አድርጎ ነው።

የሙያ መረብ

ይህ መንገድ ሙያዎችን በክብ፣ የጋራ ክህሎታቸውን በመስመር እያሳየ «ይህን ካወቁ ያንንም መሥራት ይችላሉ» ይላል። ከጀርባው የሙያ ምደባ ያስፈልገዋል፤ የአውሮፓው ኤስኮ ለምሳሌ 3,000 ገደማ ሙያዎችንና ከ13,000 በላይ ክህሎቶችን ይዟል። የእኛ ማስታወቂያዎች ግን የሚለኩት በትምህርት ደረጃ፣ በሥራ ልምድ ዓመትና በሲኦሲ (በሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ነው። በውጭ ምደባ ላይ የተሣለ መረብ «ደረጃ 3» እና «ደረጃ 4» የሚባለውን የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ልዩነት አያውቀውም፤ ሥራ ፈላጊውን የሚያግደው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያ ልዩነት ነው።

የክቡን ትልቀት በደመወዝ ለማሳየት ቢሞከርም «በስምምነት» ወይም «በድርጅቱ ስኬል» የሚለው ቃል ሥዕሉን ባዶ ያደርገዋል። መረቡ የሚያሳየውም ያለፈውን ነው። ኢትዮጵያ ከአጎዋ (ልብስና ሌላ ምርት ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከመላክ ዕድል) ተጠቃሚነት በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ስትወጣ፣ ከዚያ በፊት በተሰበሰቡ ማስታወቂያዎች የተሣለ መረብ የልብስ ስፌትን ክብ እንደ ድሮው ትልቅ አድርጎ ያሳይ ነበር። ምን ልማር ብሎ ለሚያስብ ወጣት ለውይይት መነሻ ይሆናል፤ ለዛሬ ሥራ መፈለጊያ ግን አይሆንም።

የሥራ ቦታ ፎቶዎችን በጣት ወደ ጎን እየገፉ መምረጥም አለ፤ ዳታ ይበላል፣ ቀነ ገደብና ተፈላጊ ችሎታን ከፎቶው ጀርባ ይሸሽጋል፤ ስለዚህ በሰንጠረዡ ውስጥ አላስገባሁትም።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| መመዘኛ | ዝርዝር | ካርታ | ካሜራ | የሙያ መረብ |
|---|---|---|---|---|
| የአካባቢ ሽፋን | መካከለኛ | ዝቅተኛ፤ ራስ ከሞሉት ጥሩ | ከፍተኛ | ዝቅተኛ |
| አማርኛ | ጥሩ፤ አጻጻፍ ይለያየዋል | በአድራሻ ላይ ደካማ | ለታተመ ጽሑፍ መካከለኛ፣ ለእጅ ጽሑፍ ደካማ | ደካማ |
| የዳታ ወጪ | በጣም ትንሽ | አንዴ ከወረደ የለም | ለማንሳት የለም፣ ለማስነበብ ይለያያል | ከፍ ያለ |
| ቀነ ገደብ | ቀኑ ከተጻፈ ግልጽ | አያሳይም | ፎቶው ቀን ከያዘ ግልጽ | አያሳይም |
| ማረጋገጫ | ምንጩን መጠየቅ | ቦታውን ማየት | ሰሌዳውን ማየት | የለም |
| የግል መረጃ ሥጋት | ትንሽ | ያሉበትን ቦታ ያሳያል | ካልተጠነቀቁ ከፍተኛ | ትንሽ |

ለማን የትኛው

ስማርት ስልክ የሌለው ወይም ለዳታ የሚያወጣው የሌለው ሰው በቅድሚያ ወደ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄዶ እንዲመዘገብ፣ ከዚያም ስልክ ያለው አንድ ጓደኛ ወይም የቤተሰብ አባል በሳምንት የተወሰነ ቀን የሰሌዳዎችን ፎቶ እንዲያነሳለት እመክራለሁ። ፎቶ ማንሳት ዳታ አይጠይቅም፤ ቤት ገብቶ በእርጋታ ማንበብ ይቻላል።

ከወሎ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ለተመረቀና «ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ለሚፈልግ ወጣት፣ ዝርዝርና ካሜራ አብረው ቢሄዱ ይሻላል። በአገር አቀፍ ገጾች ላይ በዝርዝር ይፈልግ፤ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ በካሜራ። ጓደኛሞች ሰሌዳዎችን ተከፋፍለው፣ አንዱ ሆስፒታሎችን፣ አንዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን፣ አንዱ የኢንዱስትሪ ፓርኩን አካባቢ ቢይዙ፣ ቀንና ቦታ የተጻፈበት የጋራ የፎቶ ማኅደር ይኖራቸዋል። ከየትኛውም የተከፈለበት አገልግሎት ይልቅ የዚህ ማኅደር ሽፋን የአካባቢውን ሥራ በተሻለ ይይዛል ብዬ አምናለሁ።

ልጅ ወይም አቅመ ደካማ ወላጅ በቤቷ ያለባት ሴት ከሁሉም በፊት ካርታውን ብታስቀድም ይበጃታል፤ ለእርሷ የፈረቃው ሰዓትና የመመለሻው መንገድ ከመደቡ መጠሪያ ይቀድማሉና። ከማመልከቷ በፊት ደውላ ሰርቪስ መኖሩን፣ ከየት ተነሥቶ በስንት ሰዓት እንደሚመልስ ትጠይቅ። ሥራ ላይ ሆኖ የተሻለ ለሚፈልግ ባለሙያ፣ ለምሳሌ ልምድ ላለው ነርስ ወይም የሒሳብ ባለሙያ፣ ዝርዝሩ ይበቃል፤ የሙያውን መጠሪያ በሁሉም አጻጻፍ መፈለጉን ግን አይርሳ። ሥልጠና ለመምረጥ የቆመ ሰው የሙያ መረቡን ለአንድ ምሽት ቢያይ አይጎዳም፤ ውሳኔውን ግን ባለፉት ሦስት ወራት በአካባቢው ሰሌዳዎች ላይ በታዩ ማስታወቂያዎች ይመዝነው።

ከእነዚህ መንገዶች የትኛውም ቢሆን ጥንካሬው በመጨረሻ ማስታወቂያውን በሚያወጣው አካል እጅ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ያሉ አሠሪዎችና የሰው ኃይል ክፍሎች ማስታወቂያ ሲለጥፉ የወጣበትንና የሚያበቃበትን ቀን በቁጥር ቢጽፉ፣ «የሥራ ቦታ» በሚለው ላይ ከተማውን ብቻ ሳይሆን ቀበሌውንና የሚታወቅ ምልክቱን ቢጨምሩ፣ ቴሌግራም ላይ ፎቶውን ሲለቅቁም ጽሑፉን ከሥሩ ቢለጥፉ፣ ዝርዝሩም ካርታውም ካሜራውም በማግሥቱ የተሻለ ይሠራሉ። ይህን ለማድረግ አዲስ ሶፍትዌር መግዛት አያስፈልጋቸውም።